የእትዬ ኦክሱን እሳት

ማክሰኞ የእረፍት ቀኔ ነበር። ጄኔቭ፣ ካሩዥ ላይ ከትራም ስወርድ ስልኬ ጮኸ፤ ሉርደሽ ናት። ሉርደሽ ቶኔ በሚገኘው የአረጋውያን ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃዬ ነች፤ ፖርቱጋላዊት፣ ድምፀ ጎርናና፣ በሰው እረፍት ቀን ደውላ የማታውቅ። «ዘይነባ፣ የምትቀመጪበት አለ?» አለችኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን እንደሚመጣ ማን ይጠፋዋል። «ማን ነው?» አልኳት። «ኦክሱን ናት። እሁድ ለሰኞ፣ በእንቅልፏ።»

ኢናሊላሂ አልኩ። ሉርደሽ ግን አልጨረሰችም። «የሐዘን ማስታወቂያዋን ራሷ ጽፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ሐሙስ ጋዜጣ ላይ ይወጣል» አለች። ያን ጊዜ እዚያው ፌርማታው ላይ ተቀመጥኩ። ለሌላ ሰው የሐዘን ማስታወቂያ አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። እትዬ ኦክሱንን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሲያነዳት የኖረው እሳት የተለኮሰው በእንዲህ ያለ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ያን እሳት አጠፋለሁ ብዬ የገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን ነበረኝ፤ ሁለቱንም ቀን እሷን ሳስብ ዋልኩ።

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እሷ የማጠቢያ ክፍሉን መስኮት ወለል አድርጋ ከፍታ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ፊቷን ለብርዱ ሰጥታ ቆማለች። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አውቃለሁ እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ያን ቀን ጥርሴ ተንገጫገጨ። ዞር ብላ አየችኝና በቀኝ እጇ ጭብጥ ደረቷን ሦስት ጊዜ መታች፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። «ትንሽ ታገሺኝ፣ እዘጋዋለሁ። እየነደድኩ ነው» አለች።

መስኮቱን ዘግታ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ዕድሜዬን ነው። በዚህ አገር ዕድሜ የሚጠይቅሽ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ብቻ ስለሆነ ደነገጥኩ። ሠላሳ ሦስት አልኳት። «እንግዲያው ታላቅሽ ነኝ። በኮሪያ ታላቅ ሴት በስሟ አትጠራም፤ ኦኒ በይኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል፤ «እኛም እኮ አለን! እትዬ እንላለን» አልኳት። «ኢቲዬ» ብላ ሞከረችው፤ ወደደችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ኦክሱን ሆና ቀረች። የምንግባባው በፈረንሳይኛ ነው፤ የእኔ ፈረንሳይኛ ከስደተኞች ካምፕ የተለቃቀመ፣ የእሷ ደግሞ ብዙ ዓመት ዙሪክ ስለኖረች ጀርመንኛ የተቀላቀለበት። ሉርደሽ ሁለታችን ስናወራ ሰምታ «ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» ትል ነበር።

ሥራችንን ላስረዳ። ወደ አረጋውያኑ ቤት አዲስ ሰው ሲገባ ሻንጣው መጀመሪያ ወደ እኛ ይመጣል። እያንዳንዱ ሸሚዝ፣ እያንዳንዱ ካልሲ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ በጋለ መጫኛ ማሽን ይለጠፍበታል፤ አለዚያ በእጥበት ይቀላቀላል። ያን ማሽን እትዬ ኦክሱን ለማንም አታስነካም። ከመጫኗ በፊት ስሙን ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ ለአንዲት ካልሲ እንኳ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ የአንዱን ሽማግሌ ስም በሌላው ካናቴራ ላይ ለጠፍኩ። አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በመርፌ ጫፍ ሲሶ ሰዓት ያህል ፈልቅቃ ፈልቅቃ አነሳችው። «እዚህ የሚመጡ ሰዎች ቤታቸውን ትተዋል፣ አልጋቸውን ትተዋል። የቀራቸው ይሄ ነው» አለችኝ፣ ጨርቁን በጣቷ ይዛ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት በእሷ እጅ ያለፈ አንድ ስም ሲጠፋ አላየሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሕመሟ ግን እየባሰ ሄደ። ምሳዋን ሁለት ጉርሻ በልታ ትተዋለች፤ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል ትላለች። በሥራ መካከል ድንገት ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። ረጅም ትንፋሽ ታወጣለች፤ ከዚያ ያ ጭብጥ፣ ዱብ ዱብ ዱብ። ሐኪም ቤት ብቻዋን ከሄደች «ደህና ነኝ» ብላ እንደምትመለስ ስለማውቅ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር ያለችው ሐኪሟ ዘንድ ተከትያት ሄድኩ። ልቧ ታየ፣ ጨጓራዋ ታየ፤ ምንም የለባትም። ሐኪሟ ወጣት፣ መልካም ሴት ናት። «ምናልባት ድብርት ይሆናል» አለች ረጋ ብላ።

«ድብርት የለብኝም» አለች እትዬ ኦክሱን። «አላዘንኩም። ተናድጃለሁ።»

ሐኪሟ ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች «ከመቼ ጀምሮ?» አለቻት።

«ከሃያ ዓመት ጀምሮ።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። እትዬ ኦክሱን ያን ጊዜ ተናገረች፤ እንደዚያ ረዝማ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «በአገሬ ስም አለው። ኋብዮንግ ይባላል። ኋ እሳት ነው፣ ብዮንግ በሽታ። ሰው ተበድሎ ዝም ሲል፣ እየዋጠ እየዋጠ ሲኖር፣ የዋጠው ሁሉ እሳት ሆኖ እዚህ ይቀመጣል።» ደረቷን ነካች። «እናቴ ነበረባት። አክስቴም ነበረባት። ሰፈራችን ውስጥ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሰማ ነበር። እኔ ወደዚህ ስመጣ የሸሸሁት መስሎኝ ነበር።»

ስንወጣ ደሜ ፈልቶ እኔም ለፈለፍኩ። እኛ አገርም እኮ ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ፣ አንጀቴ ነደደ ይላል አልኳት። መንገድ መሃል ቆመች። «ቆሽት የት ነው?» አለችኝ። እኔ የት አውቄው! ሆዴ ላይ በግምት አሳየኋት። እጄ ያለበትን አየች፣ የራሷን ደረት አየች፤ «እናንተ ከእኛ ዝቅ ብላችሁ ነው የምትነዱት» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ከኮቷ ኪስ፣ ሥራ ላይ ደግሞ ከጋዋኗ ኪስ የማይለየውን፣ ላሚኔት የተደረገ ቁራጭ ጋዜጣ አወጣች። ጀርመንኛ ነው፤ ጥቁር መስመር የከበበው። የባሏ እናት የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። በዚህ አገር እንዲህ ባለ ማስታወቂያ ግርጌ ያዘኑት ሰዎች ስም በሙሉ በተራ ይደረደራል። ጣቷን እያስኬደች አነበበችልኝ። ልጆቿ አሉ፣ የልጆቿ ሚስቶችና ባሎች አሉ፣ የልጅ ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለች፣ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ፀጉሯን የምትሠራላት ሴትዮ እንኳ አለች። የእትዬ ኦክሱን ባል ስም ብቻውን ቆሟል። ከአጠገቡ ማንም የለም።

«አሥራ አንድ ዓመት አጠብኳት» አለችኝ። «በማንኪያ አበላኋት። አልጋ ላይ እንዳትቆስል ቀን ከሌት አገላበጥኳት። እናቴ እላት ነበር፣ ልጄ ትለኝ ነበር።» ባሏን ስትጠይቀው «የጋዜጣው ስህተት ይሆናል» አላት። ጋዜጣው ዘንድ ሄደች፤ በተላከልን መሠረት ነው ያወጣነው አሏት። የላከው ማን ነው? የባሏ እህቶችና ወንድሞች ሁሉ፣ ስህተት ነው፣ ጥድፊያ ነው፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትይዣለሽ አሏት። በቀብሩ ዕለት እንግዶቹን ሾርባ እያቀረበች አስተናገደች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዓመቱ ባሏን ትታ፣ ጀርመንኛ ወደማይሰማበት ወደ ጄኔቭ መጣች። እሳቱም አብሮ መጣ።

«ታዲያ አሁን ምን ይሁንልሽ?» አልኳት።

«አንድ ሰው፣ ስምሽን የተውኩት እኔ ነኝ፣ ይበለኝ። ይቅርታ አልፈልግም። እኔ ነኝ ይበለኝና፣ ከዚያ እኔ የምሆነውን እሆናለሁ።»

ባሏ ሞቷል። ወንድሞቹና ሌሎቹ እህቶቹም ሞተዋል። የቀሩት የባሏ እህት ቬሬና ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ዙሪክ የሚኖሩ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ምን ላድርግ፣ አባቴ አባጋር ነበር። ወሎ ውስጥ አባጋር ማለት ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ አጥር ሥር ተቀምጬ፣ ጦር የተማዘዙ ሰዎች አባቴ ፊት አውፍ፣ ይቅር ሲባባሉ፣ ሲላቀሱ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ትዝ አለኝና በደም የወረስኩት ሙያ መሰለኝ። «እኔ አስታርቃችኋለሁ!» አልኳት። «መታረቅ አይደለም፣ መስማት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ሁለቱ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት። ምላሴን ይቁረጠውና።

ዙሪክ የአጎቴ ልጅ ሰይድ አለ፤ ትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ይሠራል፣ ጀርመንኛውን ጥርግ አድርጎ ያውቃል። ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቬሬና ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ኑ ብለው መለሱ። እትዬ ኦክሱን ያን ሳምንት ጥቁር ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። መጫኛ ማሽኗ አጠገብ ቆማ በጀርመንኛ ለብቻዋ ስታነበንብ እሰማት ነበር።

ኦርሊኮን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ በስምንት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ቬሬና ቀጭን፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ምርኩዝ የያዙ ናቸው። ኬክ ተቆርጧል፣ ሳህኑ ተደርድሯል። እኔ ጀርመንኛ ስለማላውቅ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ በአማርኛ ያንሾካሹክልኛል። እትዬ ኦክሱን ኬኩን ሳትነካ ላሚኔት የሆነውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቬሬና መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ብዙ ዘመን ሆነው አሉ» አለኝ ሰይድ። «ወንድሜ ነው መሰለኝ ለጋዜጣው የላከው፣ ተቻኩለን ነበር፣ ከተከፋሽ አዝናለሁ እያሉ ነው።»

እትዬ ኦክሱን በጣቷ አንዱን ስም ነካች። ሰይድ ተረጎመ፤ «ፀጉር ሠሪዋ አልተረሳችም። ማን ነው የጻፈው? አለቻቸው።»

ቬሬና መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ቀላ። ምርኩዛቸውን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሦስት አራት ቃል፣ ገታ አሉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ የታየኝ የሚንቀጠቀጡ አሮጊት ናቸው። ሴትዮዋ በእጃችን ሊሞቱብን ነው ብዬ፣ ሆዴ ባብቶ፣ ሰይድ አፉን ሳይከፍት ከመቀመጫዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። የሁለቱንም እጅ ያዝኩና አገናኘሁት። «በቃ! በቃ! አውፍ ተባባሉ! ያለፈ አለፈ! እትዬ፣ በአላህ፣ አውፍ በያቸው!» አልኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ። እንባዬም መጣ፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ አልዋሽም።

እትዬ ኦክሱን አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን ያን ጊዜ ደስታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ተነሳች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለችና አንድ ነገር አለች። «ምንም አይደል አለቻቸው» አለኝ ሰይድ። ቬሬና አፋቸውን ገጠሙ። የእትዬ ኦክሱንን እጅ መታ መታ አደረጉ፣ ኬክ ጨመሩልን። ሰይድ ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዘኝ፤ «ዘይኔ፣ ምነው ቸኮልሽ?» አለኝ። እኔ ጭራሽ «ዝም በል፣ ሥራው ተሠርቷል!» አልኩት።

እትዬ ኦክሱን ባቡሩ ውስጥ፣ በርንን ካለፍን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ልትናገር ነበር።»

«ማን?»

«ቬሬና። ‹ያኔ እኔ ነኝ› ብላ ነበር። ‹ያኔ እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም› ብላ ጀምራ ነበር።»

ክው አልኩ። ምን ይባላል? ጄኔቭ እስክንገባ እሷ ደረቷን አንድ ጊዜ እንኳ አልመታችም። ቤቴ ገብቼ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ፤ ሙሉው አባቴ። የዕርቁ የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ የበዳዩ ነበር። በዳይ መሃል ቆሞ ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገራል። የሟች እናት ብትጮህ፣ በዳዩ ራሱ ቢወድቅ፣ አባቴ ዱላውን መሬት ላይ ይመታና «አታቋርጡት! ይጨርስ!» ይላል። እኔ አጥር ሥር ሆኜ የወደድኩት መጨረሻውን፣ መላቀሱን ነበር። ይዤ የመጣሁት ያንኑ ብቻ ነው።

ሰኞ ሥራ ስገባ መስኮቱ ተዘግቷል። እትዬ ኦክሱን ምሳዋን ጨርሳ በላች። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፤ ጭብጧ አልተነሳም። ሉርደሽ «ምን አድርገሽ ነው?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አስታረቅኋቸው» አልኳት። ማጠቢያ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። የማውቀው ግን እኔ ነኝ፤ እትዬ ኦክሱን ከዚያ ወዲያ ስሞቹን ድምፅ አውጥታ ማንበብ ተወች። ዝም ብላ ትጭናለች። አራት ወር ሳይሞላ ሰይድ ደወለልኝ፤ ቬሬና ሞተዋል። ስነግራት «እንግዲህ የሚናገር የለም» አለችና ቀጣዩን ካልሲ አነሳች።

ጡረታ የወጣች ዕለት ሁሉም ከሄደ በኋላ ጠበቅኳት። እኛ ዘንድ ሰው ሲለያይ አውፍ በለኝ ይባባላል፤ እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «እትዬ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለች። «ምንም አይደል» አለችኝ። ኦርሊኮን ያየሁት ያው ጎንበስ ማለት ነው፣ የሰማሁትም ያው ቃል ነው። ያን ሌሊት አንሶላው ረመጥ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በየበዓሉ ደወልኩ፤ ታነሳለች፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ ትዘጋለች።

ሐሙስ ከሰዓቴ ቀድሜ ሥራ ገባሁ። ጋዜጣው እንግዳ መቀበያው ላይ ነበር። ጥቁር መስመር የከበባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ስሟ፣ ከሥሩ የያዟት፣ የደገፏት ሰዎች ስም በተራ። ሉርደሽ አለች። ማጠቢያ ክፍል አብረውን የሚሠሩት ሦስቱም ልጆች አሉ። የሕንፃዋ ዘበኛ አለ። የኦ ቪቭ ሐኪሟ አለች። ፀጉሯን የምትቆርጥላት ሴት አለች። ጣቴን ከላይ ወደ ታች አስኬድኩ፣ ከታች ወደ ላይ መለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ። እኔ የለሁም።

ሉርደሽ በትከሻዬ በኩል አነበበችው። ትንፋሿ ሲቆም ሰማሁ። «የጋዜጣው ስህተት ይሆናል» አለችኝ።

ያቺን ቃል ስሰማ ውስጤ አንድ ነገር ተለኮሰ። ከደረቴ ይሁን ከቆሽቴ እንጃ። ወረቀቷን ቆርጬ ወደ ቢሮ ወጣሁና ጸሐፊዋን ላሚኔት አድርጊልኝ አልኳት፤ ምንም ሳትጠይቅ አደረገችልኝ። ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ወርጄ ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። ማሽኑ ሲጫን ዱብ ይላል፤ እሷ ከሄደች ጀምሮ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዘወር ብዬ አያለሁ፣ ያን ቀንም አየሁ። ማንም የለም። ሄጄ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ልጆቹ በብርዱ ጮኹ።

ሉርደሽ እጇን ዘርግታ መጣች፣ ልታቅፈኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ዘይነባ፣ ተይ እንጂ፣ እሷ እኮ ትወድሽ ነበር፣ ያስታረቅሻት አንቺ ነሽ፣ በቃ፣ በቃ» አለችኝ።

እጄን አንስቼ አቆምኳት።

«ቆይ ሉርደሽ፣ አታቋርጪኝ፣ ልጨርስ» አልኳት። «ያኔ እኔ ነኝ።»